ማን ቀድሞ ሄደ?

ካሪቢያን ሲባል የብዙ ኢትዮጵያዊ ልብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሻሸመኔ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች የሰጡት መሬት፣ እዚያ ጎጆ የቀለሱት ጃማይካውያን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1966 ኪንግስተን ሲያርፉ አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ… ይህን ሁሉ እናውቃለን። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወደ እኛ የመጡት ግን ጥቂቶች ናቸው። በዚያው ዘመን ከነዚያው ደሴቶች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ለንደን፣ ወደ ብሩክሊን፣ ወደ ቶሮንቶና ወደ ማያሚ ተጉዘዋል። ስለነዚህ ሰዎች የውስጥ ኑሮ ከታሪክ መጻሕፍት ይበልጥ የነገሩን ቀጫጭን የአጭር ልቦለድ መድበሎች ናቸው፤ ብዙዎቹም የደራሲዎቻቸው የመጀመሪያ መድበሎች።

ለምን አጭር ልቦለድ? ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ለጀማሪ ረጅም መጻፍ ስለሚከብደው» የሚል ነው። ሐሰት አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ። እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አለ ባይ ነኝ። የአንድን ቤተሰብ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመተረክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያየ ሰው ያስፈልጋል። በካሪቢያን ስደተኛ ቤት ውስጥ ግን ይህን ያየ ሰው አይገኝም። አባት ቀድሞ ይሄዳል፤ እናት ከዓመታት በኋላ ትከተላለች፤ ልጆች ከአያት ወይም ከአጎት ጋር ይቀራሉ፤ ታናናሾቹ እዚያው ባሕር ማዶ ይወለዳሉ። እያንዳንዱ የደረሰበትን ብቻ ያውቃል፤ አንዱ የያዘውን ሌላው አያውቅም፤ ብዙ ጊዜም ደፍሮ አይጠይቅም። ታሪኩ ተቆራርጦ የተጻፈው ተቆራርጦ ስለተኖረ ነው።

መቆራረጡን ያመጣው የሰዎቹ ጠባይ አልነበረም፤ የየአገሩ የስደተኞች ሕግ ነበር። እንግሊዝ በ1948 ባወጣችው የዜግነት ሕግ የቅኝ ግዛቶቿን ሰዎች ከራሷ ተወላጆች ጋር በአንድ ዜግነት ሥር አደረገች፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር «ኢምፓየር ዊንድረሽ» የተባለችው መርከብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጃማይካውያንንና ሌሎች የደሴት ልጆችን ቲልበሪ ወደብ ላይ አራገፈች። አሜሪካ በበኩሏ በ1952 ሕጓ ከአንድ ቅኝ ግዛት በዓመት ከ100 ሰው በላይ እንዳይገባ ስትገድብ ተጓዡ ሁሉ ወደ ለንደን አዘነበለ። በ1962 ደግሞ እንግሊዝ በሯን ገርበብ አደረገች። ሕጉ ከመጽናቱ በፊት «ሳይዘጋ እንግባ» የሚለው ግርግር በርካታ ቤተሰቦችን አጣድፎ ከፋፈለ፤ ገንዘቡ ለሁሉም ስለማይበቃ የሚበቃለት ሰው ብቻ ተሳፈረ። ከ1965 በኋላ አሜሪካ ሕጓን ስትለውጥ ጉዞው ወደ ብሩክሊን ዞረ።

ከሁሉ የሚያስገርመው የካናዳው ነው። ካናዳ በ1955 ከባርቤዶስና ከጃማይካ የቤት ሠራተኞችን የምታስገባበት መርሐ ግብር ዘረጋች። መስፈርቱ ግልጽ ነበር፦ ወጣት፣ ያላገባች፣ ልጅ የሌላት። አንድ ዓመት በሰው ቤት ያገለገለች ሴት በአገሩ ለመቅረት ትችላለች። ልጅ ያላት ሴት ምን ታድርግ? ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለእናታቸው ሰጥተው፣ በቅጹ ላይ «ልጅ የለኝም» ብለው ገቡ። መርሐ ግብሩ ከቆመ ከዓመታት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ሰባት ጃማይካውያን እናቶች ሲገቡ ያላስመዘገቧቸውን ልጆች ሊያስመጡ ሲያመለክቱ የመባረር ትእዛዝ ደረሳቸው። ብዙ ሰልፍና ክርክር ከተደረገ በኋላ ነው እንዲቆዩ የተፈቀደላቸው። አንዲት እናት ልጇን በመንግሥት ወረቀት ላይ እንድትክድ የሚያስገድድ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ልጅ ኋላ ደራሲ ቢሆን፣ የእናቱን ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሊተርክ የሚችለው እንዴት ብሎ ነው?

ጃማይካውያን እንዲህ ያሉትን ልጆች «የበርሜል ልጆች» ይሏቸዋል። እናት ወይም አባት ከባሕር ማዶ በትልቅ በርሜል ሩዝ፣ ዘይት፣ የታሸገ ምግብ፣ የትምህርት ቤት ጫማና ልብስ ጠቅጥቀው በመርከብ ይልካሉ። በርሜሉ ሲከፈት ሰፈር ይሰበሰባል። ልጁ ጫማው ከጠበበው እናቱ የምታስታውሰው እግር የዛሬ ሁለት ዓመቱን እንደሆነ ይገባዋል። ልጇን ለአያቱ ትታ ቤይሩት ወይም ጅዳ ስትሠራ የኖረች ኢትዮጵያዊት ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻትም።

ኤድዊጅ ዳንቲካ የዚህ ዓይነቱ ልጅ ነበረች። በ1969 በሄይቲ ዋና ከተማ ፖርቶፕራንስ ተወለደች። ሁለት ዓመት ሲሆናት አባቷ ወደ ኒውዮርክ ሄደ፤ አራት ሲሆናት እናቷ ተከተለችው። እሷና ወንድሟ ቤል ኤር በተባለው ሰፈር ፓስተር ከሆነ አጎታቸው ዘንድ ቀሩ። በ12 ዓመቷ፣ በ1981፣ ብሩክሊን ስትደርስ የጠበቋት አባትና እናት ብቻ አልነበሩም፤ እዚያ የተወለዱ ሁለት ወንድሞችም ነበሩ። በ1994 ረጅም ልቦለድ አሳተመች፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ «ክሪክ? ክራክ!» የተባለውን የመጀመሪያ የአጭር ልቦለድ መድበሏን። መድበሉ ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት የመጨረሻ ዙር ሲታጭ ዕድሜዋ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበር።

ርእሱ የሄይቲ ተረት አባቶች ልማድ ነው። ተራኪው «ክሪክ?» ሲል አድማጩ «ክራክ!» ብሎ ይመልሳል፤ ሳይመለስለት ተረቱ አይጀመርም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያለ ያደገ አንባቢ ይህን መጽሐፍ ከማንኛውም የኒውዮርክ ሐያሲ ቀድሞ ይይዘዋል። ዳንቲካ ይህን ስም የመረጠችው ለጌጥ አይመስለኝም። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች አንዱ «ክሪክ?» ሲል የሚመልስለት የለም፤ የሚመልስለት ሰው ባሕር ማዶ ነው፣ ወይም ሞቷል፣ ወይም እዚያው ማዕድ ቤት ቆሞ ዝም ብሏል።

የመጀመሪያውን ታሪክ እንይ። አንድ ወጣት ከሄይቲ ወደ ማያሚ በምታመራ አሮጌ ጀልባ ላይ ሆኖ ለፍቅረኛው ይጽፋል። እሷም ከአገር ቤት ትጽፍለታለች። ሁለቱም በደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ እንጂ አንዱም ቃል ከአንዱ ለአንዱ አይደርስም። እሱ ወታደሮቹ በሰፈሯ የሚሠሩትን አያውቅም፤ እሷ ጀልባዋ ውኃ እያስገባች መሆኑን አታውቅም። ሁለቱንም የሚያውቀው አንባቢው ብቻ ነው። ነገሩ ከታሪክ የተነሣ ነው፦ በመስከረም 1991 የሄይቲ ጦር በምርጫ የመጡትን ፕሬዚዳንት አሪስቲድን ገለበጠ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጀልባ ወጡ፤ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች እየያዙ ጓንታናሞ አጎሯቸው፤ በግንቦት 1992 ደግሞ ያለ ምንም የጥገኝነት ምርመራ በቀጥታ ወደ ሄይቲ እንዲመለሱ ታዘዘ። በጋዜጣ ላይ ቁጥር ሆኖ ያለፈውን ነገር ዳንቲካ በሁለት የማይገናኙ ደብተሮች ነገረችን። እኔ እንደማየው የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በአንድ ታሪክ ይጠቃለል ከተባለ የሚጠቃለለው በዚህ ነው።

ሌላ አጭር ታሪክ ግን ለእኔ ይበልጥብኛል። አንዲት ወጣት ሄይቲያዊት ኒውዮርክ ውስጥ በቢሮ ትሠራለች። በምሳ ሰዓት ስትወጣ እናቷን ማንሃተን መንገድ ላይ ታያታለች። እናቷ ከብሩክሊን ወጥታ እዚህ ሀብታሞች ሰፈር ምን ትሠራለች? ሳትጠራት ከኋላ ትከተላታለች። እናትየዋ የሱቅ መስኮት እያየች፣ መንገዱን እንደ አገሯ መንገድ እየረገጠች ትሄድና አንድ መናፈሻ ውስጥ ከአንዲት ፈረንጅ ሴት ሕፃን ልጅ ትቀበላለች። የሰው ልጅ ጠባቂ ናት፤ ልጇ ይህን አታውቅም ነበር። በየመሐሉ እናትየዋ ቤት ውስጥ የምትላቸው ነገሮች ጣልቃ ይገባሉ፤ ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ሄይቲ። ስለ ሥራዋ ግን አንዲት ቃል የለም። ከዚህ የበዛ ምንም አይሆንም፤ ልጅቱም አትጠራትም። በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ አንዱ ሌላውን በድብቅ ተከትሎ ካልሆነ የማያውቅበት ቤት እንዲህ ነው።

የመጨረሻው ታሪክ ረዘም ይላል፤ ብሩክሊን ውስጥ ስለ አንድ ሠርግ ነው። ታላቂቱ ግሬስ ሄይቲ ተወልዳ ገና የአሜሪካ ዜግነት ወረቀቷን መቀበሏ ነው፤ ታናሽቱ ካሮላይን አሜሪካ ተወልዳለች፤ ግን ያለ ግራ ክንድ። እናት ነፍሰ ጡር ሳለች የምትሠራበት የልብስ ስፌት ቦታ በስደተኞች ፖሊስ ተወርሮ ታስራ ነበር፤ እስር ቤቱ ውስጥ ማስታገሻ መርፌ ወግተዋታል፤ ልጅቱ እንዲህ የሆነችው በዚያ ነው ትላለች። አባትየው ደግሞ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የገባው በወረቀት ጋብቻ ነው፤ ሚስቱን ያስመጣው ያን ካፈረሰ በኋላ ነው። ካሮላይን የምታገባው ሄይቲያዊ ሳይሆን የባሃማስ ሰው ነው፤ እናት ይህን ለማስቀረት በየቀኑ የአጥንት ሾርባ ትሠራለች፤ ሾርባው የማያድነው ነገር የለም ብላ ታምናለችና። አንባቢ ይስቃል። ግን ልብ በሉ፤ በዚህ ቤት ሦስት ዓይነት ወረቀት አለ፦ በውሸት ጋብቻ የተገኘ፣ በትዕግሥት የተገኘ፣ በመወለድ ብቻ የተገኘ። እናትና ልጆቿ በአንድ ገበታ ላይ ቢቀመጡም አንድ አገር አልገቡም።

ወደ ተውኩት ጥያቄ ልመለስ፦ ለምን አጭር ልቦለድ? አሁን ስለ ገንዘብና ስለ ሥራ እናንሣ። አጭር ልቦለድ የበዛው የሚገዛው ስለነበረም ነው። በ1943 ለንደን ውስጥ በቢቢሲ «የካሪቢያን ድምፆች» የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ፤ የጀመረችው ጃማይካዊቷ ገጣሚና ጋዜጠኛ ዩና ማርሰን ናት። ከ1946 ጀምሮ ሄንሪ ስዋንዚ የተባለ አየርላንዳዊ ያዘው። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ትሪኒዳድ ወይም ባርቤዶስ ያለ ጸሐፊ ታሪኩን ወደ ኪንግስተን ይልካል፤ ከዚያ ተመርጦ በባሕር ወደ ለንደን ይሄዳል፤ ለንደን ውስጥ ለሬዲዮ ተነብቦ እሑድ ማታ ግማሽ ሰዓት በአየር ወደ ደሴቶቹ ይመለሳል። የባርቤዶስ ሰው የጎረቤቱን የትሪኒዳድን ሰው ታሪክ የሚሰማው በለንደን በኩል ነበር። ክፍያም ነበረው፤ በዚያ ዘመን ለደሴት ጸሐፊ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ፕሮግራሙ በ1958 እስኪቆም ድረስ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተነብቦ የሚያልቅ ታሪክ መጻፍ የሚችል ትውልድ አፈራ።

ቪ. ኤስ. ናይፖል ከነሱ አንዱ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ፕሮግራሙን ያዘጋጅ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉን የጻፈው እዚያው የቢቢሲ ተከፋይ ጸሐፊዎች በሚቀመጡበት ክፍል፣ በቢሮው ወረቀትና በቢሮው የጽሕፈት መኪና ነው። «ሚጌል ጎዳና» ይባላል፤ በአንድ የፖርት ኦፍ ስፔን ሰፈር የሚኖሩ ሰዎችን በየተራ የሚያነሣ የታሪክ መድበል ሲሆን የታተመው በ1959 ነው። ስለ ስደት አይደለም ይባላል፤ እኔ አልስማማም። የመጀመሪያው ታሪክ ባለቤት ቦጋርት ድንገት ከሰፈር ይጠፋል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይጠፋል፤ ኋላ ሌላ ቦታ ሚስት እንዳለችው ይሰማል። መጽሐፉ የሚያልቀው ተራኪው ልጅ አውሮፕላን ሲሳፈር ነው። ለንደን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተወውን ሰፈር የሚጽፍ ስደተኛ መጀመሪያ የመጣለት ምስል የሚጠፋ ሰው መሆኑ አጋጣሚ አይደለም።

የናይፖል የአገር ልጅ የትሪኒዳዱ ሳም ሴልቨን በ1950 ከደራሲው ጆርጅ ላሚንግ ጋር በአንድ መርከብ ለንደን ገባ። በ1957 ባሳተመው የመጀመሪያ የአጭር ልቦለድ መድበሉ መጽሐፉን ለሁለት ከፈለው፦ ፊተኛው ክፍል ትሪኒዳድ፣ ኋለኛው ለንደን። ጉዞው ራሱ የለም። መርከቧ፣ ባሕሩ፣ ስንብቱ፣ ምንም። ከአንዱ ገጽ ወደ ቀጣዩ ሲገለጥ ሰዎቹ ከሸንኮራ አገዳ ማሳ ወጥተው ለንደን ውስጥ ክፍል ለመከራየት በር ያንኳኳሉ። አንባቢው ራሱ ያሻግራቸዋል። ሴልቨን ሌላም ነገር ደፍሯል፤ ገጸ ባሕርያቱን ብቻ ሳይሆን ተራኪውንም በትሪኒዳድ ሰው አነጋገር አናገረው። ከዚያ በፊት የደሴት ሰው በመጽሐፍ ሲናገር ቢሰማም ተራኪው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ እንግሊዝ መምህር ነበር የሚናገረው።

በአሜሪካ ዛሬ የቢቢሲን ቦታ የያዘው የዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ነው። አሥራ ምናምን ተማሪ ጠረጴዛ ከቦ የአንዱን ጽሑፍ በአንድ ቁጭታ የሚተችበት ክፍል ነው፤ ሃያ ገጽ ይመቸዋል፣ አራት መቶ ገጽ አይመቸውም። ዳንቲካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ፣ ጁኖ ዲያስ ኮርኔል ተምረዋል። ስለዚህ የቅርጹ ምክንያት ኪስና ትምህርት ቤትም ነው። ለእኔ ግን ይህ ስለ መቆራረጡ ያልኩትን አያፈርሰውም። ፖል ማርሻልን ተመልከቱ። የባርቤዶስ ስደተኞች ልጅ ናት፤ በ1929 እዚያው ብሩክሊን ተወለደች። እናቷና ጓደኞቿ ቀኑን የሰው ቤት ሲያጸዱ ውለው ማታ ማዕድ ቤት ውስጥ ተሰብስበው ሲጫወቱ እሷ ጥጓን ይዛ ታዳምጥ ነበር፤ መጻፍ የተማርኩት ከነዚያ ሴቶች ነው ብላለች። ወሬው በዚያው ቤት፣ በየምሽቱ። በ1959 ያሳተመችው የመጀመሪያ መጽሐፏ ረጅም ልቦለድ ነው። የሰማችው ያልተቆረጠ ነበርና።

ዲያስ ግን ያደገው በተቆረጠው ውስጥ ነው። በ1968 ሳንቶ ዶሚንጎ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ተወለደ፤ ገና ልጅ ሳለ፣ በ1974፣ አባቱ ቀድሞ ወደ ነበረበት ኒው ጀርሲ ከቤተሰቡ ጋር ገባ። አገሪቱን 30 ዓመት ያህል ረግጦ የገዛት አምባገነኑ ትሩሂዮ በ1961 ተገድሏል፤ በ1965 የአሜሪካ ጦር ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ የኒውዮርክ ቪዛ የብዙ ሰው ሕልም ሆኗል። (ትሩሂዮ በ1937 በድንበሩ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሄይቲያውያንን ያስጨፈጨፈ ነው፤ ዳንቲካም በመድበሏ አንድ ታሪክ ሰጥታዋለች። ሁለቱ ደራሲዎች የአንዲት ደሴት ሁለት ግማሾች ልጆች ናቸው፤ ኋላም የዶሚኒካን መንግሥት የሄይቲ ዝርያ ያላቸውን ዜግነት ሲነጥቅ አብረው ተቃውመዋል።)

የዲያስ የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1996 ወጣ። «መስጠም» ብንለው ይሆናል። አሥር ታሪኮች አሉት፤ ብዙዎቹን የሚተርከው ዩኒየር የተባለ ልጅ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጽሐፉ የተሠራው በእሱ ነውና። መጀመሪያ ዩኒየርና ወንድሙ ራፋ ዶሚኒካን ገጠር ውስጥ ናቸው፤ አባት የለም። ገጹን ስንገልጥ ቤተሰቡ ኒው ጀርሲ ነው፤ አባት አለ፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ አለ። አዲስ ቮልስዋገን ገዝቷል፤ ዩኒየር በተሳፈረ ቁጥር ያስመልሰዋል፤ አባት ይቆጣል፤ ልጆቹን ይዞ ውሽማው ቤት ይሄዳል፤ እናት ታውቅ አታውቅ አይታወቅም። አንድ ታሪክ አልፎ ደግሞ ወደ ኋላ እንመለሳለን። እናትና ልጆቹ ሳንቶ ዶሚንጎ አባትን ይጠብቃሉ። ደብዳቤ ይመጣል፤ እመጣለሁ ይላል፤ ቤቱ ይዘጋጃል፤ አይመጣም። እናት ቅስሟ ተሰብሮ ለሳምንታት ከቤት ትጠፋለች። ኒው ጀርሲ ያየነው አባት ይህን ሁሉ አያውቅም፤ እኛ ግን አወቅን፤ ባለፈው ታሪክ ውስጥ የነበረችው ዝምተኛ እናትም አሁን በሌላ ዓይን ትታየናለች።

አባት የት ነበር? መልሱ የሚመጣው በመጨረሻው ታሪክ ብቻ ነው። ስሙ ራሞን ነው፤ ከአማቱ በተበደረው ገንዘብ ማያሚ ይገባል፤ እየሠራም እየተራመደም ኒውዮርክ ይደርሳል። ወረቀት የሚያስገኝለት ጋብቻ ለመግዛት ያጠራቀመውን ይከፍላል፤ ይበሉታል። በመጨረሻ ኒልዳ የተባለች ዜግነት ያላት ዶሚኒካናዊት ያገባል፤ ወንድ ልጅ ይወልዳሉ፤ ያንንም ልጅ በራሱ ስም ራሞን ብሎ ይጠራዋል። ዩኒየርም እኮ የአባቱ ስም አለው። አገር ቤት የሚጠብቀው ልጅ ስሙ እንኳ ለሌላ እንደተሰጠ አያውቅም።

ይህን የሚተርክልን ዩኒየር ነው። ከየት አወቀው? አባቱ አልነገረውም። አድጎ፣ ኒልዳን ራሷን ፈልጎ አግኝቶ፣ ከሷ ነው የሚሰማው። የአባቱን ታሪክ ለማወቅ የአባቱን ሌላ ሚስት መጠየቅ ነበረበት። የቀረውን በግምት ይሞላዋል፤ መሙላቱንም አይደብቅም። መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡት ፊተኞቹ ታሪኮች ሁሉ ይህ ልጅ ከኒልዳ ቤት ከወጣ በኋላ ያሰባሰባቸው ይመስላሉ።

ስለ ዲያስ ብዙ የሚባለው ስለ ስፓኒሽ ቃላቱ ነው፤ በእንግሊዝኛው መሐል ያለ ትርጉምና ያለ ሰያፍ ፊደል ይሰካቸዋል። ተገቢ ነው። እኔ ይበልጥ የምወደው ግን በምክር መልክ የተጻፈችውን ታሪክ ነው፤ ሴት ልጅ ቤት ስትመጣ ምን ማድረግ እንደሚገባ ዩኒየር ያስተምራል። ከሁሉ አስቀድሞ መንግሥት ለድሆች የሚያድለውን አይብ ከማቀዝቀዣው አውጥተህ ደብቅ። ከአገር ቤት የመጡትን ፎቶዎች አንሣ። የሚደበቅበት ቦታ እንደ ልጅቱ ሰፈር ይለያያል። አባት ሁለት ሚስት የደበቀበት መጽሐፍ ውስጥ ልጅ አይብ ሲደብቅ ማየት ያስቃል፤ ሙያው ግን አንድ ነው።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። በዚህ መጽሐፍ ቪርታ፣ የዩኒየር እናት፣ ባሏን የጠበቀችበትን አምስት ዓመት ራሷ አትነግረንም። የአባት ዝምታ በመጨረሻ ይሰበራል፤ የሷ አይሰበርም። ልጁ ኒልዳን ይጠይቃል፤ እናቱን ሲጠይቅ አላየሁም። ደራሲው ይህን ክፍተት ዐውቆ ይተወው ወይስ ሳያየው ይለፈው መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ «መስጠም»ን የሚያነብ ሰው አብሮ «ክሪክ? ክራክ!»ን ቢያነብ እመክራለሁ፤ የቪርታ ጓደኞች እዚያ ይናገራሉ።

ከነዚህ መጻሕፍት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ2022፣ ጆናታን ኤስኮፈሪ «ከአንተ ከተረፍኩ» የሚል ትርጉም ያለው የመጀመሪያ መጽሐፉን አወጣ። በ1970ዎቹ ኪንግስተንን ካመሳት የፖለቲካ ግድያ ሸሽተው ማያሚ የገቡ የቶፐርና የሳንያ ቤተሰብ ታሪክ ነው። እዚህ ማንም ማንንም ቀድሞ አልሄደም፤ ባልና ሚስቱ አብረው ወጡ። መቆራረጡ ግን አልቀረም፤ ዘግይቶ መጣ። በነሐሴ 1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ፍሎሪዳን ካፈረሰ በኋላ ወላጆቹ ይለያያሉ፤ አባት ታላቁን ዴላኖን ይዞ ይሄዳል፣ ታናሹ ትሬሎኒ ከእናቱ ጋር ይቀራል። ለምን እሱን? ትሬሎኒ በመጽሐፉ ሁሉ የሚያላዝነው በዚህ ነው። አሜሪካ ተወልዶ ጥቁር ነህ ወይስ ምን ነህ እየተባለ ያደገ፣ ተምሮ ሥራ ያጣ፣ መኪናው ውስጥ የሚያድር ሰው ነው። ለገንዘብ ብሎ የማይሠራው የለም፤ ዓይኗን በቡጢ እንዲመታላት ማስታወቂያ ያወጣች ሴት ዘንድ እስከ መሄድ ይደርሳል።

ከታሪኮቹ አንዱን የሚናገረው ግን ቶፐር ነው፤ በጃማይካ አነጋገር፣ ራሱን «አንተ» እያለ። የልጁን ስሞታ ሰምተን አባትን ከፈረድንበት በኋላ ነው አባት አፉን የሚከፍተው። አገሩን ትቶ ሲወጣ ምን እንዳጣ፣ ልጁ በአሜሪካ አነጋገር ሲመልስለት ምን እንደተሰማው፣ በግቢው አኪ የተባለውን የጃማይካ ዛፍ ለምን እንደተከለ ይናገራል። አኪ ፍሬው በዛፉ ላይ ራሱ ተፈልቅቆ ሳይከፈት ከተበላ የሚመርዝ፣ ሲደርስ ግን ከደረቅ ዓሣ ጋር የጃማይካ ብሔራዊ ምግብ የሚሆን ነው። ልጁ ያን ዛፍ ሊቆርጥ መጥረቢያ ይዞ ይመጣል። ድርጊቱን ሁለቱ በየራሳቸው ያውቁታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አንዱ ከሌላው አይሰማም።

መጽሐፉ በ2023 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ስድስት ውስጥ ገባ። ቡከር የረጅም ልቦለድ ሽልማት ነው፤ ስለዚህም ይህ መድበል ነው ወይስ ልቦለድ የሚል ክርክር ተነሣ። እኔን ብትጠይቁኝ መድበል ነው፤ ልቦለድ ቢሆን ኖሮ አንዱ ታሪክ ሲያልቅ ሌላው ሳይጀምር አባትና ልጁን አንድ ቀን ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ማድረግ ነበረበት። ኤስኮፈሪ ይህን አላደረገም፤ አድርጎት ቢሆን መጽሐፉ ይበላሽ ነበር።